«የጨዋ ልጅ» ስንል ስለ ትውልዱ ነው ወይስ ስለ አስተዳደጉ?

ጠያቂ፦ ባለፈው እሑድ ለእኅቴ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። የልጁ ሽማግሌዎች ቆመው «ልጃችን ተምሮ ሐኪም ሆኗል» ሲሉ፣ አጎታችን ጥቂት ዝም አሉና «መማሩንስ ሰማን፤ የጨዋ ልጅ ነው ወይ?» ብለው ጠየቁ። የጠየቁት አጥንቱን ነው ወይስ አስተዳደጉን?

የቅኔ ተማሪ፦ በቤተ ክህነት «ጨዋ» የሚባለው ካህን ያልሆነ፣ ያልተማረ ሰው ስለ ሆነ፣ «ተምሯል፤ ጨዋስ ነው ወይ?» የሚለው አነጋገር ለእኛ እርስ በርሱ ይጋጫል። ሥሩ ግን ከግእዙ «ፄዋ»፣ ማለትም ከምርኮ የመጣ ይመስለኛል፤ በመዝሙር 67 «ፄዊወከ ፄዋ» (ምርኮን ማርከህ) የሚለውን ያስታውሷል። የመነሻው ድምፅ ወደ «ጨ» መለወጡም እንግዳ አይደለም፤ የግእዙ «ጼው»ም በአማርኛ «ጨው» ሆኗል።

የታሪክ መምህር፦ ሐሳብዎ ያስኬዳል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ጨዋ ይባል የነበረው በየአውራጃው የሰፈረው የንጉሡ ጭፍራ ነው። እንግዲህ ቃሉ ራሱ ከምርኮኛነት ወደ ወታደርነት፣ ከዚያም ወደ ባለ ርስትነት ወጥቷል ማለት ነው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው ተማርከው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር መሆናቸው የዚሁ መንገድ ምስክር ነው።

የቋራ ልጅ፦ ከፍ ያሉትን አንድ ሁለት ሰዎች እየጠራን «በአገራችን ጀግና የሆነ ሁሉ ይሾማል» ማለትን ለምደናል። ዐፄ ቴዎድሮስን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያልን ስናሞግስ፣ አባታቸው ከቋራ መኳንንት ወገን እንደ ነበሩና ደጃዝማች ክንፉም ወንድማቸው እንደ ነበሩ እንዘላለን። ተማርኮ በባርነት የቀረው፣ ገባር ሆኖ የሞተው ግን ከቶ አይነሣም፤ ባርነት በአዋጅ የቀረው እኮ በ1934 ዓ.ም. ነው። ደግሞም «ጼው» በጸሎቱ «ጸ» ይጻፋል፣ «ፄዋ» ግን በፀሐዩ «ፀ»፤ አንዱ ለሌላው ማስረጃ አይሆንም።

የቅኔ ተማሪ፦ ሁለቱ «ጸ»ዎች በአማርኛ አንደበት ከተቀላቀሉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወደ «ጨ» ቢለወጡ አያስገርምም።

የቋራ ልጅ፦ ከመቀላቀላቸው በፊት ተለውጦ ቢሆንስ? «ጨዋ» በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ተለምዶ እንደ ነበር አሁን ተነግሮናል።

ጠያቂ፦ ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ። ሽማግሌዎቹ መልስ ለመስማት በመጪው እሑድ ይመለሳሉ፤ እኅቴም አጎታችን የጠየቁት ምን እንደ ሆነ ትጠይቀኛለች።