ቦይ ስታይ የምትቆም ፈረስ ምን ይሻላታል?

ሰላም የፈረስ ወዳጆች። ቤቴ አራት ኪሎ፣ ሥራዬ ቢሮ፣ ፍቅሬ ፈረስ ነው። ዘንድሮ ድሬሳዥ (ፈረሱ በጋላቢው ትእዛዝ የተለያየ እርምጃ የሚያሳይበት)፣ ክሮስ ካንትሪ (ሜዳ ላይ ግንድ፣ አጥርና ቦይ እየዘለሉ የሚጋልቡበት) እና የመሰናክል ዝላይ ባለው ውድድር በጀማሪ ደረጃ እየተወዳደርኩ ነው። ድሬሳዡ አይከፋም፣ የባዝራዬ ሶምሶማ ያምራል። ዝላዩ ላይም ቢበዛ አንድ አግዳሚ ብትጥል ነው። 4 የቅጣት ነጥብ፣ እሱን እችለዋለሁ።

ጉዴ ያለው ክሮስ ካንትሪው ላይ ነው። ግንድ በሉት አጥር በሉት፣ ሽው ነው። ቦይ ስታይ ግን ጆሮዋን ትቀስራለች፣ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጋ ታሸታለች፣ የፊት እግሯን ትተክልና በቃ። ወይ ፍንክች! የመጀመሪያው እምቢታ 20 ቅጣት ነው፣ እዚያው ስትደግም 40፣ ስትሠልስ ውድድሩ አበቃ። በድሬሳዥ የለቀምኩት ሁሉ ቦይ ገባ ማለት ነው።

አንዱ «ግረፋት» ይለኛል። አልስማማም። የፈራ ፈረስ ሲገረፍ አለንጋውንም ቦዩንም ይፈራል። ሌላው የረጋ ፈረስ አስቀድመህ ተከተል አለኝ። ይሄ ሚዛን ይደፋል፣ ግን መሃል ከተማ የት? ጃን ሜዳ ደልዳላ ነው፣ ገብቼ ልቆፍር አልል ነገር። የመንገድ ዳር ቦይ ደግሞ ድንጋይና ሲሚንቶ ነው፣ እግሯ ቢሰበርስ?

እስኪ ሳይቆፍር፣ መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ ያለማመደ አለ? በምን ያህል ስፋት ልጀምር? ሸራውን ከለመደችስ በኋላ እውነተኛውን ቦይ ትዘለዋለች ወይስ ሌላ ጣጣ ነው? ቀጣዩ ውድድር ከፋሲካ በኋላ ነው። በእናታችሁ፣ በእጃችሁ ሞክራችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። «ቀስ በቀስ ይለቃታል» ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱን ሁሉም ብሎኛል።