የካርቦን ፋይበር ኮፈን በድሬዳዋ ፀሐይ ለሰለሰ፤ ጨርቁን ልቀይር ወይስ አሞቃቁን?

ሰላም ወገኖች፣ ሙያው ያላችሁ እርዱኝ። ሥራው ሳቢያን ነው፤ የኮሮላ ኮፈን። የካርቦን ጨርቁ ሦስት ኬ ትዊል (ሰያፍ ሽመና፣ በአንዱ ጥቅል 3,000 ክር)፣ በካሬ ሜትር 200 ግራም፣ 3 ድርብ፤ ኢፖክሲው (ጨርቁን የሚያጠነክረው ሬዚን፣ ማለትም ሙጫ) ከጨርቁ ጋር በክብደት እኩል፣ በብሩሽና በሮለር። በቀትር ሃርድነር (ማድረቂያ) የተቀላቀለበት ኢፖክሲ ማሰሮው ውስጥ ስለሚፈላ የሚለቀለቀው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው።

ከሞልዱ (ከቅርጽ ማውጫው) ሲወጣ እንደ መስተዋት ነበር። ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ሲውል ግን የሽመናው ሰያፍ መስመር በክሊሩ (ከላይ ባለው ግልጽ ቀለም) ላይ ብቅ አለ፤ በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል። ማጠፊያው አጠገብ ደግሞ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ይላል።

ጥርጣሬዬ ጨርቁ ላይ ሳይሆን ኢፖክሲው ላይ ነው። ሳይሞቅ የደረቀ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ላይ መላላት ይጀምራል፤ ጥቁር ኮፈን እዚህ ቀትር ላይ ያንን ያልፋል።

አንዳንዶች አሥራ ሁለት ኬ ግዛ ይሉኛል። ወፍራም ስለሆነ ድርቡን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በሰፋፊ ጥቅሎቹ መካከል ሬዚን ስለሚጠራቀም መስመሩ ይብስ ይመስለኛል። ከሥር ብቻ ባውለውስ? በኢፖክሲው ፋንታ ፖሊስተር ሬዚን አትምከሩኝ፤ የካርቦኑ ክር ልባስ የሚስማማው ለኢፖክሲ ስለሆነ በደንብ አይይዝም።

ዋናው ጭንቄ ይኸው፦ ኢፖክሲው ፀሐዩን እንዲችል በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በየሰዓቱ 10 ዲግሪ እየጨመርኩ እስከ 80 ላሞቀው አስቤያለሁ፤ ሞልዱ ግን የፖሊስተር ፋይበር ግላስ ነው። ይጣመማል? ኮፈኑን አውጥቼ በድጋፍ ላይ ባሞቀውስ ቅርጹን ይጠብቃል?