የልጄ ሁለት ጆሮዎች ለምን የተለያየ ሙቀት ያሳያሉ?

ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ዓመት ልጄን ከትናንት ማታ ጀምሮ ትኩስ ትኩስ ይላታል። በጆሮ ቴርሞሜትር ስለካት ቀኙ 37.3፣ ግራው 38.4 ይላል። በብብቷ ደግሞ 37.5። የቱን ልመን?

መሣሪያው ከጆሮ ታምቡር የሚወጣውን የኢንፍራሬድ ጨረር እንደሚያነብ አውቃለሁ። ጫፉ ወደ ታምቡሩ ካልዞረ ግን የሚለካው ቀዝቀዝ ያለውን የጆሮ ቦይ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ጆሮዋን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ ነው የምለካት። የጫፉንም መሸፈኛ እቀይራለሁ። ልዩነቱ ግን አልጠፋም።

ሁለት ነገር ጠርጥሬያለሁ። ቀኝ ጆሮዋ ኩክ ይበዛዋል፤ ኩክ ደግሞ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። በግራ ጎኗ ተኝታ ነበር፤ ትራስ ላይ የቆየ ጆሮ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ታዲያ ከተነሳች በኋላ ምን ያህል ልጠብቅ? ኩኩን በጥጥ መጎርጎር አልፈልግም፣ የባሰ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሌላ መላ አለ?

ውሃ ትጠጣለች፣ ትጫወታለች። ግን 38 ያለፈው ቁጥር እንቅልፍ ነስቶኛል። ነርስ ወይም ሐኪም የሆናችሁ፣ ልጅ ያሳደጋችሁም፣ እባካችሁ የትኛውን ጆሮ ይዤ ልከታተላት?