የቂርኣት ቤታችን ይጠገን እንጂ አይፍረስ፦ በጋራ ረቂቁ ላይ የቀረበ ሐሳብ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

አሮጌው የቂርኣት ቤት፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት የሚሰጥበት ቤታችን፣ ፈርሶ በብሎኬት ይሠራ የሚለው የጋራ ረቂቃችን ሦስተኛ አንቀጽ ወጥቶ፣ ግንቡ በነበረበት ድንጋይና ጭቃ ይጠገን የሚል እንዲተካበት አጥብቄ እጠይቃለሁ። ቤቱ ራሱ ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ እንደነበር ይናገራልና። መካ ከይፋት ቀጥ ብላ በሰሜን ስለምትገኝ ሚሕራቡ፣ ማለትም የሶላቱን አቅጣጫ የሚያሳየው የግድግዳ ጉድጓድ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ነው፤ ሸኹ ጀርባቸውን ለእርሱ ሰጥተው ሲቀመጡ ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን ይዞ በየተራው ፊታቸው እየቀረበ ይማራል። መካከለኛው የጥድ ምሰሶ፣ ስንትና ስንት ደረሳ ተደግፎት፣ እስከ ትከሻ ድረስ ለስልሶ ጠቁሯል። በበሩ አጠገብ ባለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ልጆች ለውሓቸውን፣ ማለትም የእንጨት መጻፊያ ሰሌዳቸውን፣ ያጥቡ ስለነበር የጥላሸቱ ቀለም ዛሬም በስንጥቁ ውስጥ አለ። እኔም እዚያው አጥቤያለሁ።

የረቂቁ የታሪክ ክፍልም ይስፋ። በ1285 እ.ኤ.አ. የመኽዙሚዎችን የሸዋ ሡልጣኔት ድል ያደረጉት የወላስማ ሥርወ መንግሥት ገዥዎች መቀመጫቸው ይህችው ይፋት ነበረች፤ በኖራና በአስበሪ የሚገኙት የድንጋይ ፍርስራሾችና መቃብሮች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ከአገራችን ለሄዱ ተማሪዎችም ካይሮ በሚገኘው በአል አዝሀር መስጊድና ትምህርት ቤት «ሪዋቅ አል ጀበርት» የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። የቤታችንን ዕድሜ ግን በግምት ከምንጽፍ ይልቅ የምሰሶው እንጨት በባለሙያ እንዲመረመር ብንጠይቅ ረቂቃችን ይከበራል።

የሒሳብ ክፍል አባል፦ በሐሳቡ እስማማለሁ። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ከመጠገኑ በፊት ፈቃድ እንዲገኝ ስለሚያዝ፣ የመጀመሪያው ወጪ ለልኬት፣ ለንድፍና ለፎቶግራፍ ይመደብ። ጣሪያው ግን ቆርቆሮ ሆኖ ቢቀር አይሻልም?

ሐሳብ አቅራቢው፦ ወንድሜ፣ ቆርቆሮው ለጊዜው ይቆይ። የሚያስጨንቀኝ የሰሜኑ ግድግዳ ነው፤ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ መሠረቱን እየሸረሸረው ስለሆነ ከክረምት በፊት ማፋሰሻ ቦይ ካልተቆፈረ ሚሕራቡን እናጣዋለን። ስለዚህ ቦዩ ቅድሚያ ይሰጠው።

የትምህርት ክፍል አባል፦ በጥገናው ወራት ልጆቹ የት እንደሚማሩ ይጻፍልን፤ ኪታቦቹም ከእርጥበት በራቀ ሳጥን፣ ተቆጥረውና ተመዝግበው ይቀመጡ።

ሐሳብ አቅራቢው፦ ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው። የቦዩን ቁፋሮ አንደኛ፣ የኪታቦቹን ምዝገባ ሁለተኛ አድርጌ ረቂቁን እስከ ጁምዓ አስተካክዬ እልካለሁ።