«በአይጥ ልብ መጫወት» ነው ወይ?

የቆጪ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ የሄርማታው «አር ኤን ኤ ምናምን የሚሉት በአይጥ ልብ መጫወት ነው፤ ለጅማ ሰው ፔኒሲሊን ይበቃዋል» ብለው ጻፉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። የልብ ድካም የስንቱን ቤት እንዳፈረሰ እያየን እንዲህ ይባላል?

የሄርማታው፦ ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ። የልጄ የልብ በር፣ ቫልቩ፣ ደም እየመለሰ ልቧ ሰፋ። መነሻው በፔኒሲሊን ሊታከም ይችል የነበረ የጉሮሮ ሕመም ነው። ማታ ካልሲዋን ስታወልቅ ምልክቱ እግሯ ላይ ጎድጉዶ ይቀራል። ቤንዛቲን የሚሉትን የፔኒሲሊን መርፌ በየ4 ሳምንቱ ትወጋለች። ባለፈው ወር 3 ፋርማሲ ዞሬ አጣሁ። እናንተ የምታወሩት ሌላ!

ማስተርስ ተማሪ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይማርልዎ። በመርፌው ልክ ነዎት። «መጫወት» ያሉት ግን አሞኛል። ጫና የበዛበት ልብ ጡንቻው ይወፍራል፣ ቆይቶ ይደክማል። ይህን ከሚቆጣጠሩት ውስጥ ፕሮቲን የማይሠሩ አር ኤን ኤዎች (በሴል ውስጥ ከጂን የሚገለበጡ ቅጂዎች) አሉ። ከነሱ ትንንሾቹ፣ ሌሎች ጂኖችን የሚያፍኑት፣ ማይክሮ አር ኤን ኤ ይባላሉ፤ የሚጠሩትም በቁጥር ነው። ማይክሮ አር ኤን ኤ 208 የሚወጣው ከልብ ጡንቻው ከራሱ የማዮሲን (ጡንቻን የሚያኮማትር ፕሮቲን) ጂን ውስጥ ነው። በ2007 እንደታየው፣ እሱ የሌላቸው አይጦች ልባቸው ጫና ሲበዛበት እንደሌሎቹ አልወፈረም። 133 ደግሞ በተቃራኒው ነው። እሱ ሲቀንስ ልብ ይወፍራል።

የሄርማታው፦ ይኸው! አይጥ አላልኩም?

ማስተርስ ተማሪ፦ ታዲያ አይጥ ቢሆንስ? በ2024 ኖቤል ያሸለመው ማይክሮ አር ኤን ኤ በ1993 የተገኘው በትል ላይ ነው። ደግሞ ከአይጥ አልፏል። 132ን የሚያፍን መድኃኒት በ28 የልብ ድካም ሕመምተኞች ተሞክሮ ውጤቱ በ2021 ወጥቷል።

ላብራቶሪ ነኝ፦ ቆይ፣ ቆይ። በ28 ሰው የሚታየው በዋናነት ጉዳት አለው የለውም የሚለው ነው። ተስፋ አታስጨብጥ። ማይክሮ አር ኤን ኤ 21ስ? በ2008 እሱን ማፈን አይጥን ከልብ ድካም ይከላከላል ተባለ። በ2010 ሌሎች ጂኑን ከአይጥ አወጡት፤ ልቡ ግን ወፈረ።

ማስተርስ ተማሪ፦ እኔ አድኗል አልኩ? ተሞክሯል ነው ያልኩት። መልሰህ አንብበው።

ላብራቶሪ ነኝ፦ አንብቤዋለሁ። ልጁ የታመመበት ሰው ግን እንዳንተ አያነበውም።

የቆጪ ልጅ፦ አንተ ደግሞ አዲስ አበባ ተቀምጠህ የጅማን ሰው እንዴት እንደሚያነብ ትነግረናለህ?

ላብራቶሪ ነኝ፦ እዚያው ጅማ፣ መንቲና ነው የተወለድኩት! እናቴ ዛሬም እዚያው ናት። ይሄ ምን አመጣው?

ነርሷ፦ እባካችሁ። ክፍላችን የሚመጡት በሁለት ትራስ ተደግፈው እንኳ መተኛት አቅቷቸው ነው። ዛሬ የሚያስፈልጋቸው መርፌውና የሽንት ክኒኑ ነው። ጥናቱንም እፈልገዋለሁ። ልቡ አንዴ ከሰፋ በኋላ በእጃችን ያለው ጥቂት ነው። ጋሼ፣ የልጅዎ ቀን መቼ ነው?

የሄርማታው፦ ሐሙስ ነው፣ ልጄ። ቤንዛቲኑ ካለ ደውይልኝ። «መጫወት» ያልኩትን ግን አላነሳም።

ማስተርስ ተማሪ፦ እኔም አልተውኩትም፣ ጋሼ።