ቢራቢሮዎቹ ከዛፍ አናት አልወርድ አሉኝ

በሙቀቱ ወራት ጫካ ገብቼ ቢራቢሮ ማየት እወዳለሁ። ሜዳ ላይ ያሉት አያስቸግሩም፣ አበባ ላይ ሲያርፉ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። የጫካዎቹ ግን ሌላ ጉድ ናቸው። ያለኝ ስምንት እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይ (8×42) ባይኖኩላርና ስልክ ነው።

ፀሐይ ስትበረታ እላይ ዛፎቹ አናት ላይ ይዞራሉ፣ ክሽክሽ (የተክል ፈሳሽ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ቅጠል ላይ የሚተወውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሱ መሰለኝ፣ አበባ ዞር ብለውም አያዩም። ገላጣ ቦታ ላይ የበሰበሰ ሙዝ አስቀመጥኩ፤ የመጣው ዝንብና ጉንዳን ብቻ። ከዚያ ወንዶቹ ጨው ፍለጋ ጭቃ ላይ ያርፋሉ ስለሚባል እርጥብ መሬት አጠገብ ቁጭ አልኩ። እውነትም አንዱ ወረደ! ጥቅልል ምላሱን ዘርግቶ ጭቃውን ይነካካል፣ ግን ክንፉን ገጥሞ ስለቆመ ከደረቀ ቅጠል አይለይም። ስልኬን ሳነሳ ጥላ አረፈበትና እብስ አለ።

ጠዋት ሰውነታቸው እስኪሞቅ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ እንደሚሞቁ አውቃለሁ። ችግሩ፣ በዚያ ሰዓት ጫካው ውስጥ ያለው ጥላ ብቻ ነው። ልምዱ ያላችሁ፣ ክንፋቸው እንደተዘረጋ ለማየት ጠዋት ጫካው ውስጥ የት ጋ ሆኜ ብጠብቅ ይሻላል?