ክርክር፦ ወረፋ ባለበት አገር ያነጣጠረ ጨረር ቅንጦት ነው?

አወያይ፦ ለረጅም ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ያውም ከሬዲዮአክቲቭ ምንጭ ጨረር በሚያወጣ የኮባልት ማሽን። አሁን ጨረሩን በኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሊኒያር አክስለሬተር ገብቷል፣ ወደ ክልልም ወጥቷል፤ ወረፋው ግን አልቀረም። ማሽኑን ለአይ ኤም አር ቲ፣ ማለትም ጨረሩን በዕጢው ቅርጽ ቀርጾ ለሚያነጣጥረው ዘዴ እናውለው ወይስ በቀላሉ ዘዴ ብዙ ሰው እናክምበት? ሐሳባችሁን ከነቁጥሩ አምጡ።

ኦንኮሎጂስቷ፦ ቅንጦት መባሉ አይዋጥልኝም። በሰዓት 4 ሰው፣ በቀን 10 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ብንሠራ 200 ፍራክሽን፣ ማለትም 200 የጨረር ክፍለ ጊዜ ነው። የጡት ካንሰር በድሮው 50 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) በ25 ፍራክሽን ከሆነ በሳምንት 8 አዲስ ታካሚ እንቀበላለን። 40 ግሬይ በ15 ስናደርገው 13፣ 26 ግሬይ በ5 ከሆነ 40።

ፊዚሲስቱ፦ ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሁለት ጉዳይ አደባለቁ። 40 በ15 አይ ኤም አር ቲ አይፈልግም። ሲቲ ላይ የተሠራ ፕላን፣ ከሁለት ጎን ጡቱን ታክኮ የሚያልፍ ጨረር (ታንጀንት)፣ ዶዝ የበዛበትን ቦታ የሚያስተካክሉ ትናንሽ የጨረር ፊልዶች፣ በቃ። አይ ኤም አር ቲ ሲሆን የእያንዳንዱ ታካሚ ፕላን ማሽኑ ላይ ይለካል፤ በዶዝ 3 በመቶ፣ በቦታ 2 ሚሊሜትር ልዩነት በሚፈቅድ መስፈርት 95 በመቶው የልኬት ነጥብ ማለፍ አለበት። የሚለካው ታካሚ ከወጣ በኋላ ነው፣ ማለትም ማታ። ሰው በሌለበት ቦታ መጀመሪያ የሚዘለለው ይሄ ልኬት ነው።

ቴራፒስቷ፦ በ5 ፍራክሽን ላይ አንድ ልጨምር። ከ25ቱ አንዱ ቀን አቀማመጥ ቢበላሽ የሚካካስበት ጊዜ አለ። ከ5ቱ አንዱ ከተበላሸ ግን የሕክምናው አንድ አምስተኛ ሄደ።

ኦንኮሎጂስቷ፦ እሺ፣ ጡቱን ተውት። አንገትና ጉሮሮስ? 70 ግሬይ በ35 በቀላሉ ዘዴ ሰጥታችሁ የምራቅ ዕጢውን ከ26 ግሬይ በታች አቆዩልኝ እስቲ። ታካሚው ዕድሜ ልኩን ውሃ ሳይዝ እንጀራ መዋጥ ያቅተዋል።

ቴራፒስቷ፦ ልክ ነዎት፤ ግን ያው ታካሚ በሦስተኛው ሳምንት ይከሳል፣ ጭንቅላቱን እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው ማስክ ይላላል። ዶዙ በሚሊሜትሮች ውስጥ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ትንሽ መንሸራተት ህብለ ሰረሰሩን ያስመታል። ዳግም ሲቲና ዳግም ፕላን ከወረፋው ላይ የሚቀነስ ጊዜ መሆኑ ይታሰብ።

መሐንዲሱ፦ መብራቱን የረሳችሁት መሰለኝ። ጀነሬተሩ ቢነሳም ጨረሩ መሐል ላይ ይቆረጣል። ቫክዩም ፓምፑ ለሰዓታት ኃይል ካጣ ማሽኑ ወዲያው አይመለስም፤ ቺለሩ ካላቀዘቀዘ ኢንተርሎክ የተባለው የደህንነት መቆለፊያ ይዘጋዋል። ጨረሩን የሚቀርጹት የተንግስተን ሰሌዳዎች 120 ከሆኑ ሞተራቸውም 120 ነው። በአይ ኤም አር ቲ ቀኑን ሙሉ ስለሚንቀሳቀሱ ቶሎ ያልቃሉ። መለዋወጫው መደርደሪያ ላይ ከሌለ የውጭ ምንዛሪ የሚጠየቀው ከተበላሸ በኋላ ነው።

አወያይ፦ ታዲያ ወደ ኮባልት እንመለስ?

ፊዚሲስቱ፦ ለውጭ ጨረር? አይሆንም። ምንጩ በወር 1 በመቶ ገደማ ይደክማል፤ ዛሬ 2 ደቂቃ የሚፈጀው ከ5 ዓመት ከ3 ወር በኋላ 4 ደቂቃ ይሆናል። ምንጩ ራሱ 2 ሳንቲሜትር ስለሚሰፋ የጨረሩ ጠርዝም ብዥ ያለ ነው። ከውስጥ ለሚሰጠው ጨረር፣ ለብራኪቴራፒ ከሆነ ግን ኮባልትን እደግፋለሁ።

ኦንኮሎጂስቷ፦ እዚህ ላይ ተስማማን፤ ለማህፀን በር ካንሰር ደግሞ ያነጣጠረ ጨረር ማለት ብራኪቴራፒ ነው፣ ምንጩ ዕጢው ውስጥ ይገባል። ከውጭ 45 ግሬይ በ25፣ ከውስጥ 7 ግሬይ 4 ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ 2 ግሬይ ቢሰጥ ተብሎ ሲመነዘር 84 ግሬይ ይሆናል። አይ ኤም አር ቲ ይህን አይተካም። ሁሉም በ8 ሳምንት ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ያለፈ እያንዳንዱ ቀን ካንሰሩን የመቆጣጠር ዕድል 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሌላው የብራኪቴራፒ ምንጭ፣ ኢሪዲየም፣ በ74 ቀን ግማሽ ስለሚሆን በየ3 እና 4 ወሩ ይለወጣል። አንዱ ጭነት ጉምሩክ ላይ ከቆመ እነዚያ 8 ሳምንታት አለቁ።

መሐንዲሱ፦ የኮባልቱ ምንጭ 5 ዓመት ገደማ ያገለግላል። ግን የጨረሩ ጉልበት ከኢሪዲየም ስለሚበልጥ ለኢሪዲየም የተሠራ ግድግዳ አይበቃውም። የድሮው የኮባልት ማሽን የነበረበት ክፍል አሁንም ካለ ግን ግድግዳው ከበቂ በላይ ነው፤ ከግዢው በፊት እሱን ለኩ።